ውኃ የተሻገረች ድመት

«ሌላ የነከሰችው ሰው አለ?» ብላ ነርሷ ስትጠይቅ፣ አክስቴ ዘይነት ወደ እኔ ሳትዞር «የለም» አለች። እኔ ከኋላዋ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆሜያለሁ። የግራ እጄ አውራ ጣት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን ከአሮጌ አንሶላ ቀድዳ፣ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነስንሳ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ስባ ያሰረችልኝ ራሷ አክስቴ ናት፤ ከትናንት ወዲያ። እጄን ቀስ ብየ ወደ ሻርፔ ሥር አስገባሁት። የተነከስሁት እኔ፣ የምደብቀውም እኔ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም መልስ የማላጣ ልጅ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁትም በመምህሩ አፍ ላይ አፍ ጨምሬ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው፣ አክስቴ ሱቅ የሚጠብቅላት ሰው አጥታ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ምላሴ ከላንቃየ ጋር ተጣበቀ።

የመጣነው ለልጇ ለአብዱልበሲጥ እብጠት ነበር። አራት ዓመቱ ነው። ላስቲክ በለበሰው አልጋ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል፤ እጁ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። አክስቴ ለድመት ጥርስ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት አይደለችም፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ስላደረ ነው። ነርሷ ማህሌት ትባላለች፣ ስሟ ጋዋኗ ላይ ተጽፏል። እብጠቱን ትታ የጥርሱን ምልክት አየችና ድመቷ ምን ሆና ነበር አለች። አክስቴ ምንም አለች። እኔ፣ ያኔ ምላሴ ገና አልተጣበቀም ነበርና፣ ውኃ እምቢ ማለቷን፣ ድምጿ መጎርነኑን፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ መዋሏን፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ መሬቱን ማራሱን ዘረገፍሁት። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ማህሌት ብዕሯን አስቀመጠች። በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ ይባል እንጂ ድመትንም እንደሚይዝ፣ ውጭ ስትዞር የታመመ ውሻ ነክሷት ሊሆን እንደሚችል ነገረችን። ሰው ላይ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚያድን ሐኪም የለም አለች፤ ከዚያ በፊት ግን በመርፌ ይከላከሉታል። በልጁም ቁስል ላይ የተነሰነሰውን ቡና ስታይ ተቆጣች። ቁስል የሚፈልገው ሳሙናና የሚወርድ ውኃ ነው፣ ያውም እስኪሰለች ድረስ። ከዚያ ድመቷ የት እንዳለች ጠየቀች።

«ጠፋች» አለች አክስቴ።

«መርፌው እሷን አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ይጀመራል። ግን ከተገኘች በእጃችሁ ሳትነኳት ዝጉባትና አሥር ቀን ትታይ። አሥር ቀን ደህና ከቆየች የነከሰችው ሰው ሁሉ ደህና ነው። ከሞተች ቶሎ ንገሩኝ።»

ጥግ ላይ እያጉረመረመች የምትሠራ ትንሽ ፍሪጅ አለች። ማህሌት ከፍታ አየችና የቀረው መርፌ ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ይመጣል ቢባሉም መቼ እንደሚመጣ እንደማያውቁ ተናገረች። የቀረ ሰው ቢኖር ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ነው ሌላ የነከሰችው አለ ወይ ያለችው። አክስቴም «የለም» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ቀኑን ሙሉ ሳመላልሰው ዋልሁ። ጥያቄው ከፍሪጁ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር እላለሁ። አላውቅም። አብዱልበሲጥ ሲወጋ ጮኸ፤ አክስቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችውና ዓይኗን ጨፈነች። እኔን ላለማየት ይሁን የልጇን ህመም ላለማየት አላህ ይወቅ።

ሹሩባ ጠፍታ አይደለም። ሹሩባ ብየ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ግንባሯ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ዛሬ የተሠራ ሹሩባ ይመስላል። ከሐይቁ መንገድ ጀርባ ያለው ቤታችን ፊቱ የጨርቅ ሱቅ፣ ጀርባው ሁለት ክፍል ነው። እኔ የምተኛው ከመጋረጃ ጥቅሎቹ ጋር ሲሆን ሹሩባ ደግሞ ሲያሰኛት እግሬ ላይ ትተኛለች። ስትተኛ ነው እንግዲህ፣ አብዛኛውን ሌሊት ቤት የለችም። አክስቴ በር አትዘጋባትም። ድሮ በረመዳን ከሰማችው ስብከት አንዲት ሴት ድመት አስራ በረሃብ ገድላ እሳት መግባቷን ይዛለች፤ ከዚያ ወዲህ ድመት ማሰር በቤታችን ትልቅ ወንጀል ነው። ሴትዮዋ የተቀጣችው ስላላበላቻት ነው እንጂ እያበሉ በር መዝጋት ምን ወንጀል አለው ብየ ተከራክሬያት ነበር። «ኡስታዝ ሆንሽ ደግሞ» አለችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሹሩባም በገርበብታዋ ሹልክ ብላ ወደ ሐይቁ፣ ዓሣ ወደሚገፈፍበት። እዚያ አንጀትና ጭንቅላት ይቆለላል፤ ውሻው ይናከሳል፣ ባለ ትልቅ ምንቃሩ ወፍ፣ አባ ኮዳው፣ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ጎረቤታችን ፅጌ ማርያም ጫጩቶቿን በየተራ ስታጣ በአጥራችን በኩል ብቅ ብላ ድመታችሁን ያዙ፣ የኔን ጫጩት ተዉት፣ እሷም አንድ ቀን ወይ ውሻ ይዘነጥላታል ወይ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ትበላለች ብላን ነበር። አክስቴ ድመት እግሯ የአላህ ነው ብላ ሸኘቻት። በክረምቱ ማብቂያ ሹሩባ ጆሮዋ ተዘንጥሎ መጣች። አክስቴ ዘይት ቀባቻት። በማይክ «ውሻ ያላችሁ አስከትቡ» እያሉ በሠፈሩ ሲያልፉ ሰምተናል፤ ውሻ የለንም ብለን ሱቃችንን ቀጠልን።

አብዱልበሲጥን የነከሰችው ከአልጋ ሥር በጅራቷ ሊስባት ሲሞክር ነው። አክስቴ ያኔ ጨነቃት። ድመት መግደል ወንጀል፣ ማሰር ወንጀል፤ ከግቢ ቢያስወጧት ትመለሳለች። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ውኃ የተሻገረች ድመት መንገዷን አታገኝም ይባላል፣ በጆንያ አድርገው በጀልባ ይልኳታል፣ ማዶ ላይ ለቀቋት ማለት ነጻ ወጡ ማለት ነው። ጆንያ ውስጥ የማስገባት ሥራ ደግሞ የኔ ነው፤ በዚያ ቤት ማስገባት፣ ማውጣት፣ መሸከም የሚባል ሁሉ የኔ ነው። አፉን ሳስር በጆንያው በኩል አውራ ጣቴን ያዘችኝ። ጥርሷ አጥንት ነካ። ያን ቀን ማታ አክስቴ ጣቴን እያሰረችልኝ «አይዞሽ፣ ደንግጣ ነው» አለችኝ፣ ፀጉሬንም ነካ አደረገችኝ። ይህንም አልረሳሁትም።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ አክስቴ ባጃጅ ጠራች። እሷ ልጁን ይዛ ትሄዳለች፤ እኔ በእግሬ ሄጄ ሽሮ ልጥድ። እሺ አልሁ። ያለ ምንም ጨዋታ እሺ ስል ራሷም ገርሟት ይመስለኛል ለአንድ አፍታ አየችኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ባጃጁ ግን ሄደ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አንዲት የተረሳች የሳሙና ቁራጭ አገኘሁ። ጨርቁን ፈታሁት፣ ቡናው ደም ጠጥቶ ደርቋል። ውኃው ሥር እጄን ይዤ ቆምሁ። ከኋላየ ጄሪካን የያዘች ሴት ልጄ ውኃ ጨረሽ እኮ፣ ጣት ነው ወይስ በግ ነው የምታጥቢው ብትለኝ እንኳ አልተንቀሳቀስሁም። በሆዴ የምደጋግመው አንዲት ነገር ነበር፤ ደህና ከቆየች የነከሰችው ሰው ሁሉ ደህና ነው። ስለዚህ ሹሩባ ደህና መሆን አለባት። ሄጄ አገኛታለሁ፣ በሕይወት ትኖራለች፣ ፀሐይ ላይ ተጋድማ ታንቀላፋለች። ያኔ እኔም መርፌ አያስፈልገኝም፣ አክስቴም ዋሸች አትባልም፣ ማንም ምንም መናገር የለበትም። ሽሮውን ትቼ ወደ ጀልባው ወረድሁ።

ሹሩባን ያሻገራት ጋሼ ክንዱ ነው። ከዘጌ መለስ ወዳለ አንድ የዳር ሠፈር ዕቃና ሰው ያመላልሳል። ለስላሳ በሳጥን፣ ጨው በጆንያ፣ መሐል ላይ ደግሞ የሙሽራ ፍራሽ ጭኗል። ድመቷን ልፈልግ ነው ስለው ሳቀብኝ።

«ምነው ሰሚሐ፣ ልትታረቂያት ነው? እኔስ ሚስቴ ስትኮርፍ እንኳ እንዲህ ባሕር ተሻግሬ ፈልጌያት አላውቅም።»

«ለዚያ ነዋ ሚስትዎ ያልተመለሱት» አልሁት። ጨው የጫኑት ሁለት ነጋዴዎች ሳቁ፤ እሱም ስቆ ቦታ ሰጠኝ። እጄን ግን ማንም አላየውም። ጀልባው ደንገሉን ለቆ ሲወጣ የት እንደለቀቃት ጠየቅሁት። መውረጃው ድንጋይ ላይ ጆንያውን ፈታላት፤ ትሮጣለች ብሎ ሲጠብቅ አልሮጠችም። እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ እያለች ሄደች፤ ባሕሩ አዙሯት ነው ብሎ አዘነላት። አንዲት አሮጊት ብቅ ብለው አይጥ እህላቸውን እንደጨረሰው ነገሩትና አቅፈው ወሰዷት። ጋሼ ክንዱ ይህን ሲያወራ ደስ ብሎት ነው፤ ድመቷም ቤት አገኘች፣ አሮጊቷም ድመት አገኙ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ውኃው ጭቃ መስሎ ይገለበጣል፣ ይብራዎቹ ተሰልፈው ይንሳፈፋሉ። እኔ «አቅፈው ወሰዷት» ካለ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ጠዋት የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ማዶ ሰው አለ ብየ አላሰብሁም። አክስቴም አላሰበችም። ማዶ ለእኛ ጆንያ የሚፈታበት ቦታ ነው እንጂ ሰው የሚኖርበት አልመሰለንም ነበር። ወረታ ከተማ ያለችው እናቴም ትዝ አለችኝ። እኔ ብሞት በስልክ ምን ይነግሯት ይሆን? በድንገት ይሏታል። ሰው ሁሉ በድንገት ነው የሚሞተው፣ ለሚደወልለት።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ቤታቸው ከመውረጃው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ከጀርባው ጌሾ የተተከለበት ነው። በር ላይ ተቀምጠው የዓሣ መረብ ይጠግናሉ፣ የመረቡ ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ተወጥሯል። ለጥ ብየ ሰላም አልኋቸው። ፊታቸው ደስ የሚል፣ ከማንም ጋር ለመጨዋወት የተዘጋጀ ነው። ከባሕር ዳር እንደመጣሁ፣ ከትናንት ወዲያ ከጀልባ የወረደችውን ድመት እንደምፈልግ ነገርኋቸው። እጃቸው መረቡ ላይ ቆመ።

«ያንች ናት?»

«የቤታችን ናት እማማ።»

«እንግዲያ እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

ለድመት እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው። የመጣች ዕለት ወተት ሰጥተዋት እምቢ አለች፣ ትናንትና ከጎታው ሥር ገብታ ስታጓራ ዋለች፣ ዛሬ ጠዋት ሲያዩዋት ደርቃለች። ሜዳ ላይ ተጥላ ጅብ እንዳይጎትታት ጌሾው ሥር ቀበሯት። በአገጫቸው ወደዚያ አሳዩኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ቀኑን ሙሉ የተሸከምሁት ተስፋ እዚያ ድንጋይ ሥር ነበር። መሬት ላይ ዘፍ አልሁ። አሮጊቷ ለድመቷ ያዘንሁ መስሏቸው ውኃ ሊያመጡልኝ ሲነሡ፣ የቀኝ እጃቸው አንጓ በጨርቅ ታስሮ አየሁ።

«ነክሳዎት ነው?» አልሁ።

«ኧረ ጥቂት ናት። ወተቱን ላቀምሳት አንገቷን ቀና ሳደርግ ነው። ምን ታድርግ፣ ባሕሩ አዙሯት።»

እኔ ማህሌት አይደለሁም፣ እንደሷ አላውቅም፤ ግን የነገረችንን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። በዕድሜያቸው እብድ ውሻ እንጂ እብድ ድመት ሰምተው እንደማያውቁ፣ የሆነ ሆኖ ከነገ ጀምረው ጠበል እንደሚገቡ ነገሩኝ። ሻርፔን ቃኘት አድርገው አንች ደግሞ ስለ ጠበል ምን ትላለሽ የሚል ፈገግታ አሳዩኝ። ይጠመቁ እማማ፣ ማን ከለከለዎ፣ ግን ተወግተው ይጠመቁ አልኋቸው። ትንሽ ሳቁ። ለድመት ጥርስ ባሕር መሻገር፣ በዚህ ዕድሜ፣ ከተማ ውስጥ ወረፋ መቆም አይሆንላቸውም። መረባቸውን መልሰው ያዙ። ክርክር ሲያልቅብኝ እንደልማዴ በእጄ መናገር ጀመርሁ፤ እሳቸውም እጄን አዩት።

«ይች ጣትሽስ?»

«እኔንም ነክሳኛለች።»

«ተወጋሽ?»

መልሱ አጭር ነው፣ ከአፌ ለመውጣት ግን ከጀልባው ጉዞ ይልቅ ረዘመ። ጠዋት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ያላልሁትን፣ ለማላውቃቸው ሴት ነገርሁ። «አልተወጋሁም። የነበረው ለአንድ ሰው የሚሆን ነው። ለልጁ ሆነ።»

«አንችስ ልጅ አይደለሽም?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ መልስ የማላጣዋ ሰሚሐ መሬቱን መጫር ጀመርሁ። ከእሳቸውም ሌላ ጥያቄ አልመጣም፤ ማን እንደከለከለኝ፣ እናት እንዳለኝ፣ የማን ቤት እንደምኖር አልጠየቁም። መረቡን ከእግራቸው ጣት አላቀቁ፣ ሰብስበው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጎታቸውን ከደኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ዕድሜየን ጠግቤያለሁ፤ ለራሴ ብየ ባሕር አልሻገርም። አንችን ብቻሽን ግን አልሰድም። ነጠላየን አቀብይኝ።»

አንጓቸውን ከመውረጃው ድንጋይ ላይ አጠብሁላቸው፤ ሳሙናውን ከአንዲት ልብስ ከምታጥብ ሴት ለምነን ነው። ቆዳቸው ስስ ነው፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች። የሹሩባ ጥርስ የኔም ጣት ላይ ልክ እንደዚያው ነው። ጋሼ ክንዱ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ ቶሎ ውጡ እያለ ይጣራል። ነገሩን ስነግረው ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። ጆንያውን በባዶ እጁ እንደፈታው አስታወሰና መዳፉን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ መረመረው፤ ጭረት የለበትም፣ ግን መልሶ መላልሶ አየው። ስልኩን ሰጠኝና ለአክስቴ ደወልሁ። ገና ስታነሣው የት እንዳለሁ፣ ሽሮው እንዳልተጣደ፣ ሱቁ ተዘግቶ እንደዋለ ጀመረችኝ።

«ሹሩባ ሞታለች እትየ» አልኋት።

 ከኋላዋ አብዱልበሲጥ ብስኩት እያለ ሲያለቅስ ይሰማኛል። የወሰዷት ሴትዮም መነከሳቸውን፣ ይዣቸው እየመጣሁ መሆኑን፣ ሁለታችንም ሆስፒታል እንደምንሄድ ነገርኋት። «ሁለታችንም» ያልሁትን ደግሜ አልሁት።  መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ጣትሽ አብጧል?» አለች በመጨረሻ።

«አላበጠም።»

ከዚያ በእውነት ተቋረጠ። እሷ ትዝጋው ኔትወርኩ ይቁረጠው አላወቅሁም። ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባው ይንገላታ ጀመር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ እኔም በልቤ የማውቃትን ትንሿን ሱራ እደጋግማለሁ። አንድ ጊዜ ማዕበሉ ጎናችንን ሲመታው ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ፣ እስከምንደርስ አልለቀቁኝም።

ሆስፒታሉ በር ላይ አክስቴ ከእኛ ቀድማ ደርሳለች። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አብዱልበሲጥ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ተኝቷል፣ የታሰረችው እጁ ተንጠልጥላለች። አንደኛው እግሯ በሱቅ ሸበጥ፣ ሌላኛው በቤት ሸበጥ ነው። አየችኝ። አየኋት። በመሐላችን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር፤ እማማን አስቀመጥኋቸውና እኔ ቆምሁ። ሳታናግረኝ ተነሥታ ከመስኮት መስኮት ዞረች። መድኃኒቱ መኖሩን አረጋገጠች፣ ካርድ አወጣች፣ ለሁለታችንም ከፈለች፣ ወረቀቶቹን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እማማ ማን እንደሆነች አላወቁም፤ ደግ የከተማ ሰው መስላቸው መረቋት። ምርቃቱን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። አንድ ሰው እንደዚያ ሲሳቀቅ አይቼ አላውቅም። ይቅርታ ብትለኝ እመርጥ ነበር ልል አልሁና ተውሁት፤ ምን እንደምመርጥ አላውቅም ነበር።

ተራችን ደርሶ ስንገባ አክስቴ ተከትላን ገባች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊቱ የደከመ። መጀመሪያ የእማማን አንጓ አየ፣ መቼ እንደተነከሱ፣ ድመቷ ምን እንደሆነች ጠየቀ። ሞተች አሉት። ባለቤት አላት ወይ ሲል እማማ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ አፌን ከፈትሁ። ማለት የምችለው ብዙ ነበር። የሠፈር ድመት ናት ቢባል ማን ያውቃል፤ ድመት መታወቂያ የላት። ሞታለች፣ ተቀብራለች፣ ጌሾ ሥር ናት።

«የኔ ናት» አለች አክስቴ።

ሐኪሙ ቀና አለ። እማማም ዞሩ። አክስቴ የልጁን እግር በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

«ድመቷ የኔ ናት። ሌሊት ሌሊት የለቀቅኋት እኔ ነኝ፣ ባሕሩንም ያሻገርኋት እኔ ነኝ። ይችም ልጅ ያን ዕለት አብራ ተነክሳ ነበር። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሌላ የለም ያልሁት እኔ ነኝ።»

 ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ብቻ ብዕሩን አንሥቶ ሳይጽፍ ቆየ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ድመቷ መሞቷን ዛሬውኑ ማወቅ እንዳለባት፣ የልጁ መርፌ እንዳይቋረጥ፣ ሌላ የነካት ሰው ካለ ሁሉ እንዲመጣ ነገራት። በእያንዳንዱ አንገቷን ነቀነቀች። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ አክስቴን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት፣ ሁለት ዓይነት ሸበጧን ጭምር። እርግማን ይመጣል ብየ ጠበቅሁ።

«ቆንጆ ድመት ነበረች» አሉ። «በርሽን ብትዘጊባት ምን ነበረበት።»

 ያ የእሳቱ ወሬ፣ ድመት ያሰረችው ሴትዮ ወሬ በአክስቴ አፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ አየሁት። እማማ ቀድመው ተወጉ፤ «በስመ አብ» አሉ እንጂ ፊታቸውን እንኳ አላጨማደዱም። መርፌውን የሚወጋው ነርስ እኔን ሲጠራኝ እጅጌየን ሰበሰብሁ። አክስቴ ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ እማማ ጭን ላይ አስቀመጠችው፣ እሳቸውም በጤናማ እጃቸው ደገፉት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሳልጠይቃት ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የኔን ክንድ ጭምር እስኪያንቀጠቅጠው ድረስ።

«አትንቀጥቀጭ እንጂ እትየ፣ መርፌው ይሰበርብኛል» አልኋት።

አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ ብየ አልነበረም።